9ኛ ክፍልን በውጤት መክፈል፦ «ልዩ ክፍል» ማንን ይጠቅማል? ሴክሽንስ እንዴት ቢደለደል ይሻላል?

የኮዬዋ እናት (ማክሰኞ፣ ምሽት 2፡10)

ሰላም ለሁላችሁ። ኮዬ ፈጬ አካባቢ የወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) አባል ነኝ። ዘንድሮ 9ኛ ክፍል የሚገቡ 270 ልጆች በስድስት ሴክሽን ሊደለደሉ ነው። የቀረበልን ሐሳብ ልጆቹ በ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ውጤት ከላይ ወደ ታች ተደርድረው የመጀመሪያዎቹ 45 «ልዩ ክፍል» ተብለው 9ሀ ይሁኑ፣ ቀጣዮቹ 45 ደግሞ 9ለ፣ እያለ እስከ 9ረ ይውረድ የሚል ነው። የተሰጠን ምክንያት «ጎበዞቹ እንዳይጎተቱ፣ ለ12ኛ ክፍል ፈተና ከአሁኑ እንዲዘጋጁ» ነው። ቅዳሜ ድምፅ እንሰጣለን።

ደጋፊም ተቃዋሚም ልስማ። አሠራሩን በቅርብ የምታውቁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። ስብሰባው ላይ ምን ልጠይቅ? የቱ ጋ ይበላሻል?

ጠመኔ (ማክሰኞ፣ 2፡45)

እህቴ፣ የልጆቹን ዝርዝር ለጊዜው ተዪውና የመምህራኑን ድልድል አምጡ በያቸው። ነገሩ ያለው እዚያ ነው።

ልዩ ክፍል ሲከፈት አብሮት የሚሄድ ብዙ ነገር አለ። ነባሩ የፊዚክስ መምህር 9ሀን ይይዛል፣ ዘንድሮ የተቀጠረው ልጅ 9ሠንና 9ረን ይረከባል። ይህን በክፋት የሚያደርገው የለም። ነባር መምህር ቅድሚያ ይመርጣል፣ ሰውም የሚያዳምጠውን ክፍል ነው የሚመርጠው። መጽሐፍ ሲያንስ 9ሀ ለየአንዳንዱ ልጅ ይደርሰዋል፣ 9ረ ለሦስት አንድ ይካፈላል። መምህር ሲቀር ለ9ሀ ተተኪ ይሯሯጡለታል፣ 9ረ ሜዳ ይወጣል። ሰኔ ላይ ሮስተር (የውጤት ማጠቃለያ) ሲሠራ ልዩነቱ ሰፍቶ ይገኝና «አይታችኋል? መጀመሪያም በትክክል ነበር የከፈልነው» ይባላል።

ክፍል ውስጥ ግባና እይ ቢባል የሚታየው ይህ ነው። ርዕሱ በሁለቱም ክፍል ያው ነው፣ ጊዜውም ያው 40 ደቂቃ። 9ሀ ላይ መምህሩ ጥያቄ ጽፎ «ማን ይሞክራል?» ይላል፤ ልጅ ወጥቶ ይሳሳታል፣ ሌላው ያርመዋል። 9ረ ላይ ሰሌዳው በኖት ይሞላል፣ ይገለበጣል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይሞላል። ደወል ሲደወል የልጁ ደብተር ሞልቷል፣ አንድም ጥያቄ ግን በራሱ እጅ አልፈታም። አራት ዓመት እንዲህ የቆየ ልጅ የሚማረው ዝም ብሎ መቅዳትን ነው። ሥራ ቦታም ቀበሌም ሄዶ የሚሆነው እንደዚያው ነው።

ሌላው ችግር በሩ መዘጋቱ ነው። «ጎበዝ የሆነ ከ9ረ ወደ 9ሀ ይዛወራል» ይላሉ። 9ረ ግን እስከ ጥር ሁለት ምዕራፍ ወደ ኋላ ቀርቷል። ልጁ ቢዛወር ያልተማረው ምዕራፍ ላይ ነው የሚፈተነው። ስለዚህ ማንም አይዛወርም።

ዩኒት ሊደር (ማክሰኞ፣ 3፡30)

መምህር ያሉት የመምህራን ድልድል እውነት ነው፤ አልከራከርም። ግን አንድ ክፍል ውስጥ ክፍልፋይ መደመር ያቃተው ልጅና ኢኩዌሽን በቃሉ የሚፈታ ልጅ ጎን ለጎን ሲቀመጡ መምህሩ ለመካከለኛው ያስተምራል። አንዱ ይሰለቻል፣ ሌላው ይጠፋበታል። ይህንንም ማየት አለብን።

መለየት ሁልጊዜ ደካማውን ይጎዳል የሚለውን የሚያፈርስ ማስረጃም አለ። በምዕራብ ኬንያ 121 አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ላይ የተሠራው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2011 ታትሟል። 1ኛ ክፍል ለሁለት ተከፈለ፤ በ61ዱ ትምህርት ቤቶች ልጆቹ በዕጣ ተደለደሉ፣ በ60ዎቹ በውጤት። ከ18 ወር በኋላ በውጤት የተከፈሉት በአማካይ በለጡ። የበለጡትም ከላይ ያሉት ብቻ አይደሉም፤ የታችኛው ክፍል ልጆችም አደጉ፣ መምህሩ ትምህርቱን በእነሱ ልክ ስላደረገው።

በዚያ ላይ የ12ኛ ክፍሉን ውጤት ሁላችንም እናውቃለን። 50 በመቶና በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ናቸው። ከዳር ካለ ትምህርት ቤት አምስትና ስድስት ልጅ እንኳ ማሳለፍ ትልቅ ነገር ነው። እነሱን መሰብሰብ ስህተት አይመስለኝም።

ጠመኔ (ማክሰኞ፣ 3፡52)

ጋሼ፣ የኬንያውን ስላነሱት አመሰግናለሁ፤ ግን ሦስት ነገር አብሮ ይነገር። አንደኛ፣ ክፍሉ የተከፈለው ተጨማሪ መምህር ተቀጥሮ ነው፤ የክፍሉ ብዛት በግማሽ ያህል ቀንሷል። ሁለተኛ፣ የትኛው መምህር የትኛውን ክፍል ይይዛል የሚለው በዕጣ ነው የወጣው። ምርጫ የለም። ሦስተኛ፣ እርስዎም እንዳሉት ልጆቹ ያደጉት መምህሩ ትምህርቱን በልካቸው ስላደረገው ነው። እኛ ዘንድ ሚድም ፋይናልም ለስድስቱም ሴክሽን አንድ ወጥ ፈተና ነው። የ9ረ መምህር ሁለት ሳምንት ቆሞ ክፍልፋይ ላስተምር ቢል ኖቱ አላለቀም ተብሎ ይጠየቃል። የኬንያው ጥቅም የመጣበት መንገድ እኛ ጋ ተዘግቷል ማለት ነው። መለየቱን ወስደን ጥቅሙን ያመጣውን ነገር ትተነው እንዴት ይሆናል?

ከአያት ማዶ (ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡15)

ስለ ሌሎች አገሮች በአጭሩ ልጨምር፣ «ያደጉት አገሮችም ይለያሉ» ሲባል ስለምሰማ።

ጀርመን በአብዛኞቹ ግዛቶቿ ልጆችን የምትለየው ከ4ኛ ክፍል በኋላ ነው፣ ገና በ10 ዓመታቸው። በርሊንና ብራንደንቡርግ ከ6ኛ በኋላ ይለያሉ። ፊንላንድ ግን እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1977 ከሰሜን ጀምራ ወደ ደቡብ እየወረደች በ11 ዓመት ይደረግ የነበረውን መለየት ወደ 16 ዓመት አዘገየችው። ለውጡ በየአካባቢው በተለያየ ዓመት ስለገባ ማነጻጸር ተችሏል። የልጅ ገቢ ከአባቱ ገቢ ጋር ያለው ትስስር 23 በመቶ ያህል እንደላላ ተገኝቷል። ሲንጋፖር ደግሞ ለአርባ ዓመት ያህል ሁለተኛ ደረጃን በሦስት መስመር ስትከፍል ኖራ እ.ኤ.አ. ከ2024 ገቢዎች ጀምሮ አስቀርታዋለች። አሁን ልጆቹ በተቀላቀለ ክፍል ውስጥ ናቸው፤ የሚለያዩት በትምህርት ዓይነት ብቻ ነው። በሒሳብ ከፍ ያለውን፣ በቋንቋ ዝቅ ያለውን መውሰድ ይቻላል።

ክርክሩ መቼ፣ በምን፣ ለምን ያህል ጊዜ ይለዩ የሚል መሆን አለበት። አሁን የቀረበው ሐሳብ በአንድ ፈተና፣ በሁሉም ትምህርት፣ ለዓመቱ በሙሉ ነው። ከሁሉም ከባዱ ዓይነት ይህ ነው።

ገላን ዙሪያ (ረቡዕ፣ 2፡00)

እስካሁን ያልተነሳ አንድ ነገር፦ ቋንቋ። እኛ ያለንበት ዳር ላይ 9ኛ ክፍል የሚገቡት ልጆች ከሁለት በኩል ይመጣሉ። ገሚሱ ከአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ነው፤ ሳይንሱን 7ኛ እና 8ኛ ላይ በእንግሊዝኛ አይቶታል። ገሚሱ እስከ 8ኛ በአፋን ኦሮሞ ተምሮ 9ኛ ላይ ገና ወደ እንግሊዝኛ የሚዞር ነው። የፈተናቸው ወረቀትም አንድ አይደለም፤ አንዱ የከተማ አስተዳደሩን፣ ሌላው የክልሉን ፈተና ነው የወሰደው። ሁለቱን ውጤት በአንድ ዝርዝር ደርድሮ ከላይ 45 መቁረጥ ኪሎና ሜትር መደመር ነው።

«እሺ፣ የራሳችንን መግቢያ ፈተና እናውጣ» ከተባለና ፈተናው በእንግሊዝኛ ከሆነ ደግሞ የሚለካው የሒሳብ ችሎታ ሳይሆን ልጁ የት እንደተማረ ነው። ከዚያ 9ሀ የኮንዶሚኒየም ልጆች ክፍል፣ 9ረ የነባሩ ገበሬ ልጆች ክፍል ይሆናል። ማንም እንዲህ አድርጉ አላለም፤ ዝርዝሩ ራሱ ይሠራዋል። እነዚህ ልጆች ነገ አንድ ዕድር ውስጥ የሚገቡ፣ አንድ ታክሲ ተራ የሚሰለፉ ጎረቤታሞች ናቸው። አራት ዓመት አንድ ግቢ ውለው ሳይተዋወቁ ሊወጡ ነው።

ለጊዜው የሚረዳ ቀላል ሥራ አለ። በየትምህርቱ ለመጀመሪያው ሴሚስተር የሚያስፈልጉ 50 ያህል ቃላት በሦስት ዓምድ፣ በእንግሊዝኛ፣ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ተጽፈው በየክፍሉ ይለጠፉ። መምህሩ እንግሊዝኛውን በአማርኛ ብቻ ሲያብራራ ከወዲያ የመጣው ልጅ ሁለት ጊዜ ነው የሚያመልጠው።

ሮስተር (ረቡዕ፣ 6፡20)

ሬጅስትራር በኩል ያለውን ልንገርዎት። ሴክሽኖቹን እኩል ማድረግ ከፈለጋችሁ በፊደል ተራ መደልደል አይበቃም። የእባብ አካሄድ የምንለውን ተጠቀሙ።

ከየትኛው ፈተና እንደመጡ ልጆቹን በሁለት ዝርዝር ይክፈሉ፤ በየዝርዝሩ ውስጥ ሴትና ወንድ ይለዩ። አራት ዝርዝር ይሆናል። እያንዳንዱን በውጤት ከላይ ወደ ታች ይደርድሩ። 1ኛው ልጅ ሀ፣ 2ኛው ለ፣ እያለ 6ኛው ረ ይገባል። 7ኛው ተመልሶ ረ፣ 8ኛው ሠ፣ 12ኛው ሀ። 13ኛው እንደገና ከሀ ይጀምራል። ዝም ብሎ በየዙሩ ከሀ መጀመር ስህተት ነው፤ ሀ በየዙሩ የተሻለውን እየወሰደ ሳይታወቅ ከፍ ይላል። የመጀመሪያው ዝርዝር ከሀ ከጀመረ ሁለተኛው ከረ ይጀምር፣ የመጨረሻው ጎዶሎ ዙር አንዱን ወገን ብቻ እንዳይጠቅም። ሲያልቅ የየሴክሽኑን አማካይ ያውጡ፤ በሁለት ሴክሽን መካከል ከ1 ነጥብ በላይ ልዩነት ካለ ሁለት ሦስት ልጅ ማቀያየር ይበቃል። ደጋሚዎችም አንድ ቦታ አይከማቹ፤ ለብቻ ተቆጥረው ይበተኑ።

ድልድሉ የሚበላሸው ግን ከተሠራ በኋላ ነው። እንደ ኮዬ፣ ቱሉ ዲምቱና አራብሳ ባሉ ሰፈሮች ሰው ዓመቱን ሙሉ ይገባል። በጥቅምት መሸኛ ይዞ የመጣ ልጅ «ረ ላይ ቦታ አለ» ተብሎ ይላካል። 24 ልጅ ዘግይቶ ቢመጣና ሁሉም ረ ቢገባ ረ 69 ይሆናል፣ ሌሎቹ 45 ናቸው። በየተራ ቢበተኑ ሁሉም 49 ነው። ሁለተኛው ጉዳት «ልጄን ወደ ሀ አዛውሩልኝ» የሚለው ነው። ይህን የሚጠይቀው ቢሮ ገብቶ ማነጋገር የሚያውቅ ወላጅ ነው። እስከ ኅዳር ስድስት ሰባት ልጅ ይዛወራል፣ እኩል የነበረው ድልድል ቀስ ብሎ ያዘነብላል። መድኃኒቱ ዝውውር ሁሉ በልዋጭ እንዲሆን ማድረግ ነው፦ አንድ ሲወጣ ተቀራራቢ ውጤት ያለው አንድ ይግባ፣ ምክንያቱም ይጻፍ።

አንድ ትንሽ ነገር፦ ሮስተር ላይ ደረጃ የሚወጣው በሴክሽን ነው። በልዩ ክፍል 38ኛ የወጣ ልጅ ከ270ው 40ኛ ሊሆን ይችላል፤ ካርዱ ላይ የሚያየው ግን 38ኛን ነው። ከ«ጎበዞቹም» ብዙዎቹ በዚህ ይሰበራሉ።

ሽቦና ካቻቢቴ (ረቡዕ፣ ምሽት 1፡40)

ከቴክኒክና ሙያ በኩል ልናገር። በ1986 ዓ.ም. በወጣው ፖሊሲ መሠረት ከ10ኛ ክፍል ፈተና በኋላ ነጥብ ያመጣ ወደ መሰናዶ፣ ያላመጣ ወደ እኛ ይላክ ነበር። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የ10ኛው ፈተና ቀርቷል፤ «የወደቀ የሚሄድበት» የሚለው አስተሳሰብ ግን አልቀረም። አሁን 9ረን ስትከፍቱ ያንኑ ማጣሪያ ሁለት ዓመት ቀደም አድርጋችሁ በትምህርት ቤት ውስጥ መመለሳችሁ ነው።

9ረ ለተግባር ሙያ ነው፣ ሒሳብ አያስፈልገውም የሚለው ከሁሉም ያሳዝነኛል። የቤት ኤሌክትሪክ ሠልጣኝ የመጀመሪያው ወር ላይ የሚገጥመው ማካፈል ነው። የእንጀራ ምጣድ 3500 ዋት ቢሆንና መስመሩ 220 ቮልት ቢሆን 3500 ለ220 ሲካፈል ወደ 16 አምፒር ይመጣል። ለመብራት በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ (1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ) ላይ ቢሰካ ሽቦው ይግላል፣ ሽፋኑ ይቀልጣል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይህ ማለት ከላይና ከታች ያሉ ቤቶች ጭምር ናቸው። ብሬከሩ እየመታ ሲያስቸግር ከፍ ያለ አምፒር ያለው የሚቀይር ሰው ይህን ስሌት ያልሠራ ሰው ነው። ቆርቆሮ ቆራጩም፣ ግንበኛው ሲሚንቶ፣ አሸዋና ጠጠር በ1፡2፡3 ሲያቦካም ሬሾ ነው። ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ላይ ብዙዎቹን የሚጥላቸው እጃቸው አይደለም፤ ንድፍ ማንበብና ስሌት ነው።

ጀርመን ቀድማ ለይታም ልጆቿ ሙያ ይዘው የሚወጡት ከሳምንቱ ሦስት አራቱን ቀን ድርጅት ውስጥ እየተከፈላቸው ስለሚሠሩ፣ የቀረውን ቀን ስለሚማሩ ነው። የሚቀበል ድርጅት አለ። እኛ ዘንድ ለትብብር ሥልጠና ቦታ የሚገኘው በልመና ነው። የሚቀበለው ሳይዘጋጅ ልጁን ቀድሞ መለየት መንገድ ላይ መጣል ነው።

የ12ኛ ክፍሉን ቁጥር ዩኒት ሊደር አስቀምጠውታል። ከ100 ተፈታኝ ከ90 በላይ የሚሆነው በዚያ በር አላለፈም። ትምህርት ቤቱ ለሚያልፉት ብቻ ከተሰናዳ ሌላው ለምን ተዘጋጀ?

የኮዬዋ እናት (ረቡዕ፣ 3፡05)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ጥያቄ ግን ቀረኝ። ዩኒት ሊደር ያሉት ችግር እኮ አለ። ሴክሽኖቹን እኩል ካደረግን ክፍልፋይ የማይችለውና ኢኩዌሽን የሚፈታው አብረው ናቸው። ለእነሱስ ምን ይደረግ?

ጠመኔ (ረቡዕ፣ 4፡00)

መለየት ካስፈለገ በአንድ ትምህርት፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ፣ ለሦስት ሳምንት ብቻ ይለዩ። በሒሳብ እንዲህ ይሠራል።

በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት የ40 ደቂቃ መመርመሪያ ስጡ፤ ለማርክ አይያዝም፣ ደረጃም አይወጣበትም። 16 ጥያቄ ይበቃል፦ አራት ክፍልፋይ፣ አራት ነጌቲቭ ቁጥር፣ አራት መቶኛና ሬሾ፣ አራት ቀላል ኢኩዌሽን። ድምሩን እርሱት፤ በየዘርፉ እዩ። ከአራቱ ሁለትና ከዚያ በታች ያገኘ ልጅ ያንን ዘርፍ ይደግማል።

ሒሳብ በሳምንት 5 ክፍለ ጊዜ ቢሆን ለስድስት ሴክሽን 30 ነው፤ ሁለት መምህር 15 15 ይይዛል። ፕሮግራሙ ሲወጣ ሀና ለ፣ ሐና መ፣ ሠና ረ በአንድ ሰዓት ሒሳብ ይግቡ። ከአምስቱ አንዱ ክፍለ ጊዜ፣ ሐሙስ እንበል፣ የቡድን ይሁን። ክፍልፋይ የሳቱት አንድ ክፍል፣ ያወቁት ሌላው ክፍል ገብተው ከበድ ያለ ጥያቄ ይፍቱ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ዘርፉ ይቀየራል፣ ልጆቹም ይቀላቀላሉ። በክፍልፋይ የደገመው ልጅ በመቶኛ ከሚፈቱት ጋር ሊሆን ይችላል። «ደካማ» የሚል ስም የሚለጠፍበት ጊዜ የለም። መምህራኑም ክፍሉን በየዙሩ ይለዋወጡ።

ምን ይበላሻል? ከ90ዎቹ 60ው ክፍልፋይ ከሳተ አንዱ ክፍል ይታፈናል። ከግማሽ በላይ ከሳተው መክፈል አያስፈልግም፤ ለሁሉም በየክፍሉ ይደገም። ሌላው፣ አራት ዘርፍ በሦስት ሳምንት 12 ክፍለ ጊዜ ይበላል። ይህን ከመጀመሪያው በዓመታዊ ዕቅዱ ላይ ማስገባት ነው፣ አለበለዚያ ኅዳር ላይ «ምዕራፍ አልሸፈናችሁም» ተብሎ ይቆማል።

ዩኒት ሊደር (ረቡዕ፣ 4፡40)

ይህንን ልቀበለው እችላለሁ። የእኔ ስጋት ሁለት ፈረቃ ነው፤ ጠዋት የገባው ሳይወጣ የከሰዓቱ በር ላይ ቆሟል፣ ለቱቶሪያል ባዶ ክፍል አይገኝም። እርስዎ ያሉት ግን በመደበኛው ሰዓት ውስጥ ስለሆነ ተጨማሪ ክፍል አይጠይቅም። ፕሮግራም አውጪው ግን ሒሳቡን መጀመሪያ ያስቀምጥ፣ ሌላውን በዙሪያው ይሙላ። መጨረሻ ላይ ሊያጣምር ቢል አይገጥምለትም። ለ12ኛ ለሚዘጋጁት ቅዳሜ ጠዋት ክፍት የሆነ ጥናት ይኑር፤ ስም ዝርዝር ሳይወጣ፣ የፈለገ ይግባ።

አንድ ነገር እኔም ልጨምር። የክበብ ሰብሳቢዎችን፣ የሚኒ ሚዲያ አንባቢዎችን፣ ሰንደቅ ዓላማ ሰቃዮችን ከየሴክሽኑ እኩል ውሰዱ። ልዩ ክፍል ባለበት ግቢ ማይክ የሚይዘው ሁልጊዜ 9ሀ ነው። ይህ ሲደጋገም አይቼዋለሁ፤ ትክክል አይደለም።

የኮዬዋ እናት (ሐሙስ፣ ጠዋት 1፡30)

ለቅዳሜ ይህን ጽፌአለሁ፣ እዩልኝ፦ ሴክሽን በእባብ አካሄድ ይደልደል፣ የየሴክሽኑ አማካይ ለወተመህ ይታይ። የመምህራን ምድብ በዕጣ ይውጣ፣ መጽሐፍ በየሴክሽኑ እኩል ይከፋፈል። ሐሙስ የሒሳብ ቡድን በየሦስት ሳምንቱ ይቀየር። እስከ መስከረም 30 በመሸኛ የሚመጡ ልጆች በየተራ ይበተኑ።

ሮስተር (ሐሙስ፣ 2፡05)

ጥሩ ነው። «እስከ መስከረም 30» የሚለውን ያውጡት። በመሸኛ የሚመጣ ልጅ እስከ ኅዳር፣ ሁለተኛው ሴሚስተር ሲከፈትም ይመጣል፤ ቀን ከተቀመጠ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ረ ይገባል። «በማንኛውም ጊዜ የሚመጣ ልጅ በዕለቱ ዝቅተኛ ቁጥር ወዳለው ሴክሽን ይመደብ፣ ቁጥሩም በየወሩ በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ» ይበሉ። መምህራኑም ሙሉ ዕጣ እንቢ ካሉ እያንዳንዱ ከሀ እስከ ሐ አንድ፣ ከመ እስከ ረ አንድ ይያዝ የሚለውን በእጅዎ ይያዙት።